የዝናብ ወሬና የነጋዴው መዝገብ፤ ድርቅ ሳይደርስ ስለሚደረግ የመንግሥት ዝግጅት

በኢትዮጵያ ምድር የሚነግድ ሰው ሁሉ፣ ሱቁ በመርካቶ ይሁን በደሴ፣ ሸቀጡም ጨርቅ ይሁን ቆርቆሮ፣ ከሰማይ ጋር ሽርክና አለው። ይህ ሽርክና በውል ያልተጻፈ፣ በዳኛም ፊት የማይፈርስ ነው። የበልግ ዝናብ በወሎ ደጋ የቀረ እንደ ሆነ ገበሬው በመጀመሪያ አዲስ ልብስ መግዛቱን ይተዋል፤ ቀጥሎ ስኳሩንና ሳሙናውን ይቀንሳል፤ ከዚያም ለዘር ያስቀመጠውን ይበላና በመጨረሻ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። በሬ የሚነዳው እርሱ ብቻ ስላልሆነ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ እህል የሚፈልገውም እርሱ ብቻ ስላልሆነ የእህል ዋጋ ይወጣል። በአንድ በሬ ዋጋ የሚገኘው እህል ከሳምንት ወደ ሳምንት እያነሰ ይሄዳል። በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ዱቤው አይመለስለትም፤ የጭነት መኪናውም ሙሉ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል።

ስለዚህ የአየር ጠባይ መለወጥ የገበሬና የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ለነጋዴ የሚበጅ አይደለም። መንግሥት ድርቅንና ጎርፍን አስቀድሞ ለመቋቋም የሚያወጣው እቅድ በነጋዴው መዝገብ ላይ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ የሚጻፍ ነገር ነው። እቅዱ ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ የቱ ሠርቶ የቱ እንደ ጎደለ መመርመር የተገባ ይሆናል።

ለክፉ ቀን እህል ማኖር ለዚህ ሀገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝቡን እንዳዳነ በቅዱስ መጽሐፍ ተጽፎ ሁሉም ያውቀዋል። ገበሬውም ከጥንት ጀምሮ በጎተራና በጉድጓድ እህል ሲያኖር ኖሯል። ይሁን እንጂ የአንድ ቤት ጎተራ የአንድ ዓመት ጉድለት ይሸፍን ይሆናል እንጂ የአንድ አውራጃን መከራ አይችልም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የከብት በሽታና የዝናብ እጦት ተባብረው ያመጡት ረኃብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚጠራው የየቤቱ ጎተራ ሁሉ በአንድነት ባዶ ስለ ሆነ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። ያን ጊዜ የጎደለው እህል ብቻ አልነበረም፤ የመከራው ወሬ በጊዜው ለሚመለከተው ደርሶ፣ የደረሰው ሰውም በጊዜው እንዲሠራ የሚያስገድድ ሥርዓት ጎድሎ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ደግሞ የዝናብን፣ የሰብልን፣ የከብትንና የገበያ ዋጋን ወሬ ሰብስቦ አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስታውቅ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። የገበያ ዋጋ ከዝናብ ጋር አብሮ የተቆጠረው በምክንያት ነው። ገበሬ መቸገሩን በአፉ ሳይናገር በገበያ ይናገራል፤ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ላምና በሬ በአንድ የገበያ ቀን ከታየ የዝናብ መለኪያ ሳይጠየቅ ነገሩ ታውቋል ማለት ነው።

የሰማዩን ነገር የሚመረምረው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ለአውሮፕላን በረራ ሲያገለግል የቆየ አነስተኛ ክፍል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ዛሬ ይህ መሥሪያ ቤት ከበልግ በፊት፣ ከክረምት በፊትና ከበጋ በፊት የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ትንበያው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» የሚል ጥንቆላ አይደለም፤ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ፣ ወይም ከመደበኛው በታች የመሆኑን እድል ለየአካባቢው በመቶኛ የሚያሳይ ነው። እድልን መዝኖ መሥራት ደግሞ የነጋዴ የዕለት ሙያ ነው። ዕቃ አስመጪ ገበያው እንዴት እንደሚሆን በእርግጥ ሳያውቅ ገንዘቡን ያወጣል፤ የወቅት ትንበያ አንብቦ ወዴት ምን ያህል መላክ እንደሚገባው ማሰብ ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም።

ማስጠንቀቂያ ብቻውን ግን አይበላም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ ረኃብ የመጣው የማስጠንቀቂያ መሥሪያ ቤት ባልነበረበት ዘመን አይደለም። ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ነገር ግን ጦርነት፣ የመንግሥት ሐሳብ መከፋፈልና የለጋሾች መዘግየት ተጨምረውበት እህሉ ከወሬው እጅግ ዘግይቶ ደረሰ። ስለዚህ ወሬና እህል ተያይዘው መሄድ እንዳለባቸው ታወቀ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የተጀመረው የመጠባበቂያ እህል ክምችት የታሰበው ለዚህ ነው።

የዚህ ክምችት አሠራር ነጋዴ ቶሎ የሚገባው ዓይነት ነው። እህሉ እንደ ኮምቦልቻና እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች በመጋዘን ይቀመጣል። ረኃብ በታየ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ከውጭ የሚመጣለትን እህል እየጠበቀ ከመጋዘኑ ተበድሮ ያድላል፤ መርከቡ በደረሰ ጊዜም የተበደረውን ይመልሳል። በዚህም በባሕርና በየብስ መንገድ የሚጠፉት ወራት ይድናሉ። ችግሩ ግን የብድር ሁሉ ችግር ነው፤ ተበዳሪው ካልመለሰ አበዳሪው ባዶ እጁን ይቀራል። በ1992 ዓ.ም. ድርቅ በደቡብ ምሥራቅ በበረታ ጊዜ ክምችቱ አስቀድሞ ተመናምኖ የተገኘው የተበደሩት በጊዜው ስላልመለሱ ነበር። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መጋዘን መሥራት ቀላል ነው፣ መጋዘኑን ሙሉ አድርጎ ማቆየት ግን የዘወትር ሒሳብ፣ የማያዳላ ሥርዓትና ተበዳሪን የሚያስከፍል ሕግ ይፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ደግሞ ሌላ መንገድ ከፈተ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ረኃብ ሲመጣ ልመና፣ ልመናው ሲሰማ እርዳታ ይደረግ ነበር። ሴፍቲኔቱ በየዓመቱ እንደሚቸገሩ አስቀድመው ለታወቁ ሰዎች ርዳታውን ቁርጥ አደረገው። መሥራት የሚችለው እርከን በመሥራት፣ ኩሬ በመቆፈርና የገጠር መንገድ በመጥረግ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ መሥራት የማይችለው ሽማግሌና በሽተኛ ያለ ሥራ ይረዳል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሰው፣ ኋላም ወደ 8 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሥራ ተጠቃሚ ሆኗል።

ለንግድ ሰው የዚህ ነገር ቁም ነገር ገንዘቡ ላይ ነው። በእህል ፋንታ ገንዘብ የተከፈለው ሰው ከአቅራቢያው ገበያ ይገዛል፤ ገበያውም ከሩቅ እህል ይስባል። ነገር ግን ገንዘቡ ደርሶ እህሉ በገበያ ካልተገኘ፣ ወይም ደመወዙ እንዳለ ሆኖ ዋጋው ከወጣ፣ በእጅ ያለው ብር ሆድ አይሞላም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በድንገት ባሻቀበ ጊዜ ገንዘብ ይቀበሉ ከነበሩት ብዙዎች እህል ይሻለናል ያሉት ስለዚህ ነው። እንግዲህ የመንግሥት እቅድ በገንዘብ እንዲሠራ ከተፈለገ ከትርፍ አካባቢ ወደ ጎደለው አካባቢ እህል የሚያመላልስ ብርቱ ነጋዴ በእቅዱ ውስጥ ሊቆጠር ይገባዋል።

ስለ መድን የተሞከረውም ሊነገር የሚገባው ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ስለ ኢትዮጵያ ዝናብ አንድ የአውሮፓ መድን ሰጪ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። የተከፈለው አረቦን 930 ሺህ የአሜሪካ ዶላር፣ ድርቅ ቢደርስ የሚገኘው ካሣ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ካሣው የሚወሰነው የሞተ ከብት ወይም የደረቀ ማሳ ተቆጥሮ ሳይሆን በ26 የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያዎች በተለካው ዝናብ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ መልካም ስለ ሆነ ካሣ አልተከፈለም። ይህን ሰምቶ «ገንዘቡ ባከነ» የሚል ቢኖር፣ መጋዘኑን ከእሳት መድን አስገብቶ መጋዘኑ ሳይቃጠል በመቅረቱ የሚያዝን ነጋዴ እንዳለ ይጠየቅ። ከዚህ በኋላ በ2001 ዓ.ም. በትግራይ በ200 ያህል አባወራዎች፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቦረና አርብቶ አደሮች ዘንድ፣ የሀገር ውስጥ የመድን ድርጅቶች የተካፈሉበት ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። በትግራይ ገንዘብ ያልነበረው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ ሥራ እንዲከፍል ተደረገ፤ በቦረናም የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት እየታየ ካሣው እንዲወሰን ሆነ።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ የድርቅ መድን ያለ ካሣ ባለፈበት ዓመት፣ ድሬዳዋ በሌላ መከራ ተመታች። ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ ከደጋው በወረደ ጎርፍ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ የሆኑ ሰዎችን ገደለ፤ ቤቶችንና የገበያ ሥፍራዎችንም ጠርጎ ወሰደ። በድሬዳዋ ሰማይ ብዙ ዝናብ ሳይታይ ከተማዋ የጠፋችው ከላይ ያሉት ተራሮች ዛፋቸውን አጥተው ውሃውን ባለመያዛቸው ነው። በዚህም የከተማ ነጋዴ ደኅንነት ከሩቅ ተራራ ዛፍ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአዋጅ የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ የችግኝ ተከላም የሚመዘነው በተተከለው ብዛት ሳይሆን ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ቆሞ በተገኘው ነው።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የውሃው መሞቅ፣ ሊቃውንት ኤልኒኖ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ሰሜን፣ መካከልና ምሥራቅ የክረምቱን ዝናብ አጎደለ። በልጉም አስቀድሞ ቀርቶ ነበርና ጉዳቱ ተደራረበ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። መንግሥት ከለጋሾች ቃል በፊት ከራሱ ግምጃ ቤት ገንዘብ አውጥቶ ስንዴ ገዛ። ከ1977ቱ ጋር ሲነጻጸር የዝናቡ ጉድለት ብርቱ ሆኖ ሳለ የሞቱ ብዛት ግን የማይነጻጸር መሆኑ፣ በሠላሳ ዓመት የተደረገው ዝግጅት ከንቱ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሆኖም ያ ዓመት የመንገዱን ጠባብነትም ገለጠ። በ2008 ዓ.ም. በጋ ማለቂያ ላይ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ለሚመጣው ዘር ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በጂቡቲ ወደብ በአንድ ጊዜ ደርሰው ተራ ጠበቁ። ስንዴው ቢዘገይ የዛሬው ሰው ይራባል፤ ማዳበሪያው ቢዘገይ የሚመጣው ዓመት ምርት ይቀንሳል። ሁለቱም ሲያልፉ የነጋዴው ኮንቴይነር በወደብ እየቆየ ኪራይ ይቆጥራል። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ የተሠራው አዲሱ የምድር ባቡር ገና ሳይመረቅ በኅዳር 2008 ዓ.ም. እህል ማመላለስ የጀመረው በዚህ ጭንቀት የተነሣ ነበር። የድርቅ እቅድ የወደብ፣ የመኪናና የሐዲድ እቅድ ካልሆነ ግማሽ እቅድ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የዝናብ ማነስ በሌላ በር ገባ። የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውሃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በተራ እንዲታደል ታወጀ፤ ለሱዳንና ለጂቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። ወፍጮው፣ ዳቦ ቤቱ፣ የብረታ ብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካው ሁሉ በተራ ቆመ። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ ድርቅ እህል ብቻ ሳይሆን መብራትም ይነሳል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ሰፊ የውሃ ማጠራቀሚያ ስላለው ከጥጋብ ዓመት ወደ ጉድለት ዓመት ውሃ ለማሻገር ያገለግላል። በአዳማና በአሸጎዳ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም ነፋስ በበጋ፣ ውሃ በክረምት ስለሚበረታ እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሐሳብ ለማያያዝ መንግሥት በኅዳር 2004 ዓ.ም. በደርባን በተደረገው የዓለም ጉባኤ ጊዜ የአየር ጠባይ ለውጥን የሚቋቋም የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት አስታወቀ። ስልቱ በመጀመሪያ ይበልጥ ያተኮረው ጢስና ብክለትን በመቀነስ ላይ ነበር፤ መቋቋም የሚለው ክፍል ለእርሻና ለደን፣ እንዲሁም ለውሃና ለኃይል የተጻፈው ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ነው። በ2019 ደግሞ 18 የመላመጃ መንገዶችን የዘረዘረ ብሔራዊ እቅድ ወጣ። የአደጋው መሥሪያ ቤትም ከስሙ ጀምሮ ተለውጧል፤ ከ«እርዳታ» ወደ «መከላከልና ዝግጁነት»፣ ከዚያም ወደ «አደጋ ሥጋት አመራር» ተሸጋግሯል።

ስም ሲለወጥ ግብር አብሮ መለወጡ ግን መመርመር አለበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ የትንበያው ባለሙያዎች አስቀድመው ተናግረው ነበር። ከብቱ ግን በሚሊዮን አለቀ። ከብት ከመሞቱ በፊት ሥጋ ለብሶ ሳለ ተገዝቶ ወደ ቄራ ቢሄድ ለአርብቶ አደሩ ገንዘብ፣ ለላኪው ሥጋና ቆዳ በሆነ ነበር። ይህ በጥቂት ሥፍራ ተሞክሮ ጠቅሟል፤ በሰፊው እንዳይሠራ የሚያግደው የመኪና፣ የብድርና የመኖ አለመገኘት ነው። እነዚህ ሦስቱም በነጋዴ እጅ የሚገኙ ናቸው።

ቡናም ጊዜ አይሰጥም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የታተመ አንድ የሊቃውንት ምርመራ፣ ምንም ካልተደረገ ከዛሬው የቡና ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ይኸው ምርመራ ቡናው ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢወጣና ደን ቢጠበቅ የሚስማማው ምድር ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ገለጸ። የቡና ዛፍ ተተክሎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ የልጁን ንግድ የሚያስብ ላኪ ዛሬ ችግኝ ወዴት እንደሚወጣ መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ከነጋዴው ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ የየወቅቱን ትንበያ እንደ ዋጋ ዝርዝር ማንበብ። ሁለተኛ፣ በድርቅ ዓመት እህልን ከገበያ ሰውሮ ዋጋ መጠበቅን መተው። እህል ከተረፈበት ገዝቶ ወደ ጎደለበት መውሰድ ንግድ ነው፤ ትርፉም የድካሙ ዋጋ ነው። የራበውን ሰው እያዩ በር መዝጋት ግን ንግድ አይባልም፤ በዚህ የተነሣም መንግሥት በየኬላው እህል ማገድ ይጀምርና ቅኑ ነጋዴ ከስውሩ ጋር ይታሰራል። ሦስተኛ፣ ንብረትንና ጭነትን መድን ማስገባት፣ መጋዘንንም ከጎርፍ መውረጃ ማራቅ።

ከመንግሥት የሚጠበቀውም አለ። የመጠባበቂያው እህል ልክ በየጊዜው በግልጽ ይነገር፤ መጋዘኑ ሙሉ መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ እህል የሚሰውረው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ዋጋውም ያለ ኬላ ይረጋጋል። ስንዴና ማዳበሪያ ከውጭ ሲገዛ የወደቡ ተራ ለአስመጪዎች አስቀድሞ ይገለጽ። የድርቅ እቅድ በሚመከርበት ጉባኤ የንግድ ምክር ቤቶች ከተጻፈ በኋላ እንዲሰሙ ሳይሆን ሲጻፍ እንዲናገሩ ይጠሩ። የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችም በማዕከል የተጻፈውን እቅድ ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብ በእጃቸው ይኑር፤ ወረዳው ባዶ ከሆነ የአዲስ አበባው ወረቀት ዝናብ አይሆንም።

«የነገን ማን ያውቃል» ማለት የኢትዮጵያ ሰው ትሕትና ነው። ዝናብ በሚመጣው ክረምት እንደሚጎድል በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ በሚመጡት ዓመታት ግን በአንዱ እንደሚጎድል ሁሉም ያውቃል። ያን ዓመት የሚለየው የመጋዘኑ መሙላት፣ የመንገዱ መከፈትና የመንግሥትና የነጋዴ መተማመን ነው። እነዚህ ደግሞ የሚዘጋጁት እንደ ዘንድሮ እህል በገበያ በሚታይበት ወራት እንጂ በሬው ወደ ገበያ ከተነዳ በኋላ አይደለም።